ወንበሩ ሲሄድ ቤት ውስጥ የሚቀረው

(በወሩ የፊልም ምሽታችን ላይ፣ ፊልሙ አልቆ መብራት ከበራ በኋላ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ብቻ ነካክቼዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ? እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ኑ ተቀመጡ፣ አንበላችሁም። (ሳቅ)

ፊልሙ ሲያልቅ ዝም ብላችሁ ነበር። አይቻችኋለሁ። ሌላ ጊዜ ስሙ ገና እየወረደ ሻይ ልትቀዱ ትሮጣላችሁ። ዛሬ ማንም አልተነሳም። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ እንደዚሁ ነው የሆንኩት። እና አልቸኩልም። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ አንዱ ላይ ደግሞ ብዙ እቆያለሁ። ሰዓት የያዝሽው ልጅ፣ ስጨርስ ንገሪኝ እንጂ መሀል ላይ አታቋርጪኝ እሺ?

መጀመሪያ ስለ ፊልሙ ጥቂት ልበል። «የትልቅ ሰው ሚስት» ይባላል። የግብፅ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የተሠራ። ዳይሬክተሩ መሐመድ ካን ነው፣ ድርሰቱን የጻፈው ራኡፍ ተውፊቅ። የደህንነቱን መኮንን ሂሻምን የተጫወተው አሕመድ ዘኪ ነው። ሚስቱን ሞናን የተጫወተችው መርቫት አሚን።

መሐመድ ካን እንዴት ያለ ሰው መሰላችሁ! ካይሮ ነው የተወለደው፣ በ1942። እናቱ ግብፃዊት፣ አባቱ ፓኪስታናዊ ናቸው። የካይሮን መንገድ እንደ እሱ አድርጎ ፊልም ላይ ያስቀመጠ ጥቂት ሰው ነው። ስቱዲዮ ውስጥ መታሸግ አይወድም፤ ካሜራውን ይዞ መንገድ ላይ ይወጣል። እንደ እሱ ዳይሬክተር ከሆኑት ከእነ ዓቲፍ አጥ-ጠይብ፣ ዳውድ ዓብደል ሰይድ እና ኸይሪ ቢሻራ ጋር ሆኖ የሰማንያዎቹን የግብፅ ሲኒማ የቀየረ ሰው ነው። ታዲያ ይህ ሰው የግብፅ ዜግነት ያገኘው መቼ ይመስላችኋል? በ2014! ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ! ሁለት ዓመት ኖረበትና በ2016 ሞተ። ሀገሩን ዕድሜውን ሙሉ ሲወድ ኖሮ፣ ሀገሩ ወረቀት ለመስጠት ይህን ያህል የዘገየችበት ሰው ነው ይህን ፊልም የሠራው። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥብ። ሞና ምኑን ነው የወደደችው?

እስቲ ንገሩኝ፣ ምኑን? መልኩን? ማዕረጉን? እዚህ መሀል ያላችሁ «ጉልበቱን» ስትሉ ሰማሁ። ይሁን። እኔ ግን ሂሻምን ገና ሳታየው ፍቅር ይዟት ነበር ባይ ነኝ። ያፈቀረችው ድምፅ ነው። የአብዱልሐሊም ሐፊዝን ድምፅ። ፊልሙ ራሱ ለዚያ ድምፅ መታሰቢያ የተበረከተ ነው።

አብዱልሐሊም ማን እንደነበር ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። በ1929 ሻርቂያ በሚባል የግብፅ ክፍለ ሀገር፣ ገጠር ውስጥ ተወለደ። ወላጆቹን በሕፃንነቱ አጣ። ልጅ ሆኖ ቦይ ውስጥ ሲዋኝ ቢልሃርዚያ ያዘው፤ ዕድሜውን ሙሉ ያሰቃየውና የገደለውም እሱ ነው። ግን ምን ዓይነት ድምፅ! ኋላ የግብፅ ፕሬዚዳንት የሆኑት የናስር አብዮት ሲመጣ ወጣት ነበር፤ አብዮቱና እሱ አብረው አደጉ። ለፍቅር ዘፈነ፣ ለሀገር ዘፈነ። ስለ አስዋን ግድብም ዘፍኗል። ግድብ ሲባል ጆሯችሁ ቆመ አይደል? (ሳቅ) እሱን ለሌላ ቀን።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፤ በዚያ ዘመን ላደገች ልጅ የፍቅሩ ዘፈንና የሀገሩ ዘፈን የሚወጡት ከአንድ ጉሮሮ ነው። የሚያፈቅራት ወንድና የሚጠብቃት መንግሥት አንድ ድምፅ አላቸው። ስለዚህ ሂሻም ደረቱን ነፍቶ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ ሲነሳለት፣ መንገድ ሲለቀቅለት ስታይ ምን ይሰማታል? ዘፈኑ ሥጋ ለብሶ የመጣ ይመስላታል። አባቷ መሐንዲስ ነው፣ ከካይሮ ራቅ ያለ ከተማ ነው የሚኖሩት። ከዚያ ወጥታ ዋና ከተማ፣ የባለሥልጣን ሚስት! ማን እምቢ ይላል? እናንተ እምቢ ትሉ ነበር? እውነቱን!

እሱስ? ሂሻም ምን ወደደ? ወንበሩን። እንደ ሌባ አታስቡት። ሂሻም ጉቦ በልቶ ቪላ ሲሠራ አይታይም። ሂሻም ያምናል። ሀገር የቆመችው በእኔ ነው ብሎ ያምናል። እኔ ባልኖር ይፈርሳል ብሎ ያምናል። ጉቦኛ ቢሆን በቀለለ። ጉቦኛ ብሩን ይዞ ይሄዳል፤ የሚያምን ሰው ግን ወዴት ይሄዳል?

እንግዲህ ሁለቱም ያገቡት ሰው አይደለም። እሷ ያገባችው ዘፈን ነው፣ እሱ ያገባው የሚያጨበጭብለት ሰው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁና ወደ ሁለተኛው እሄዳለሁ፤ እኔ ስለ ተዋናዮች ማውራት ስለምወድ ነው። መርቫት አሚን በ1969 አብዱልሐሊም በሠራው የመጨረሻ ፊልም ላይ ከእሱ ጋር ተጫውታለች። በእውነት አጠገቡ ቆማ! ከ18 ዓመት በኋላ ደግሞ ያንን ድምፅ እየሰማች የምትደርቅ ሚስት ሆና መጣች። ካን ይህን በአጋጣሚ ያደረገው አይመስለኝም። የግብፅ ተመልካች ፊቷን ሲያይ ያቺን ልጅ ያስታውሳል። አፍላውን ፊት ያስታውሳል። ከዚያ ደግሞ አሁን ያለውን ያያል።

አሕመድ ዘኪ ደግሞ ይብሳል። በ1996 በወጣ ፊልም ናስርን ሆነ። በ2001 ከናስር ቀጥለው ፕሬዚዳንት የሆኑትን ሳዳትን ሆነ፤ ያንንም ያዘጋጀው ራሱ መሐመድ ካን ነው። በመጨረሻ ማንን ሆነ? አብዱልሐሊምን! በ2005 በካንሰር ሞተ፤ ፊልሙ የወጣው ከሞተ በኋላ በ2006 ነው። አያችሁ? ዛሬ ያየነው ሂሻም ለሳዳት መንግሥት ሰው እያሰረ ነው። ተዋናዩ ኋላ ሳዳትንም ሆነ፣ ሚስትየዋ የምትወደውን ዘፋኝም ሆነ። የአንድ ሀገር ህልምና ቅዠት በአንድ ሰው ፊት ላይ አለፈ። ጠይም፣ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ «እንዲህ ያለ መልክ ለመሪ ተዋናይነት አይሆንም» ይባል የነበረ ሰው። ሻርቂያ ነው የተወለደው፣ እንደ አብዱልሐሊም።

እሺ። ሁለተኛው ነጥብ። ይሄ ቶሎ ያልቃል።

ጥር 1977። ቀኑን ለመያዝ ቀላል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1969 ዓ.ም.፣ ከተራና ጥምቀት። የግብፅ መንግሥት ከዋዜማው በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ ያደርግ የነበረውን ድጎማ ቀነስኩ ብሎ አወጀ። ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ሩዝ፣ የማብሰያ ጋዝ። ምክንያቱ ብድር ነው፤ አበዳሪዎቹ ድጎማ ቁረጡ አሉ። በነጋታው ሕዝቡ ከእስክንድርያ እስከ አስዋን ወጣ። ሳዳት በ1973 ጦርነት ሠራዊቱን የስዊዝን ቦይ ያሻገሩ ጀግና ይባሉ ነበር። ሰልፈኛው ምን ይላል? «የመሻገሪያው ጀግና ሆይ፣ ቁርሳችን የታለ?» ጦር ሠራዊት መንገድ ላይ ወጣ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ በአስር የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ድጎማውም ተመለሰ። ሳዳት ግን «የሌቦች አመፅ ነው» አሉ።

ሂሻም እንግዲህ እነዚህን «ሌቦች» ከሚለቅሙት አንዱ ነው። ተማሪ፣ ጸሐፊ፣ ጋዜጠኛ። እንደ ሁልጊዜው ሥራውን ሠርቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

እኔ ፖለቲካውን እዚህ ላይ ትቼ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ቀን ሲያስር የዋለ እጅ ማታ እንጀራ ሲቆርስ የተለየ እጅ ይሆናል? ሞና የምትጠይቀው ይህንን ነው። አፍ አውጥታ አትጠይቅም። ታየዋለች። ብቻ ታየዋለች። ሰው አልጋ ላይ አጠገቡ የተኛውን ሰው ሲፈራ ማየት ከባድ ነው፤ ካን ደግሞ ይህን ያለ ጩኸት ነው ያሳየን። ያ ጥር አልፎ መጋቢት ላይ አብዱልሐሊም ለንደን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። 47 ዓመቱ ነበር። ለሞና ትውልድ ሁለቱ ሐዘኖች በጥቂት ወራት ውስጥ የመጡ ናቸው፤ የዳቦውና የድምፁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው። የመጣሁት ለዚህኛው ነው።

ሂሻም ከሥራ ይሰናበታል። የታሰሩት ሰዎች ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲደርስ የነገሩ መልክ ይለወጣል፤ ያዘዙት ዞር ይላሉ፣ የታዘዘው ይቀራል። የተለመደ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ምን ያደርጋል? አያምንም። ከቤት ይወጣል። ለሚስቱ አይነግርም። ድምፁን አይቀንስም። ሰውን ማመናጨቁን አይተውም። ወንበሩ ተወስዷል፣ አቀማመጡ ግን አልተወሰደም።

እዚህ ላይ የራሴን ቤተሰብ ላነሳ ነው። አክስቴ ትፍቀድልኝ፤ ነፍሷን ይማር።

የአክስቴ ባል በደርግ ጊዜ የሰፈራችን ሹም ነበር። ጓድ ሊቀመንበር ነው የሚባለው። እኛ ልጆቹ ጋሼ እንለዋለን። ሲመጣ ኳሳችንን ደብቀን እንቆማለን። ክፉ ነበር? ለእኔ ከረሜላ ይሰጠኝ ነበር። ለሌላው ምን እንደሰጠ ኋላ ነው የሰማሁት። በ83 መንግሥት ሲለወጥ ወንበሩ ሄደ። አልታሰረም፣ አልተሰደደም። ዝም ብሎ ተራ ሰው ሆነ።

ታዲያ ጋሼ ምን ያደርጋል? ጠዋት ይነሳል። ጢሙን ይላጫል። ያንን ሳፋሪ ኮቱን ይለብሳል። ጥቁር ሳምሶናይቱን ይይዛል። ይወጣል። ማታ በሥራ መውጫ ሰዓት ይመለሳል። ደክሞት! «ዛሬ ስብሰባ በዝቶ…» ይላል። የምን ስብሰባ? ማን ጋር? አንድ ቀን አጎቴ ሩቅ ሰፈር አንድ ሻይ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ቦርሳው ጭኑ ላይ ነው። ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ አጎቴ እንዳላየ ሆኖ አለፈ።

እኔ ልጅ ነኝና ቦርሳው ያጓጓኛል። ምን ይሆን ያለበት? አንድ እሑድ ከአልጋው ሥር አውጥቼ ከፈትኩት። ያረጀ አዲስ ዘመን ጋዜጣ፣ የመነጽር ማኅደር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ዳቦ። በቃ። ዳቦው አምባሻ ነበር፣ በአራት የተቆረጠ። አምባሻው የአክስቴ ነው። በቤታችን እንደዚያ የምትቆርጥ እሷ ብቻ ናት።

ገባችሁ? ታውቃለች! ሹም እያለ ምሳው የሚገኝበት ቦታ ነበረው፤ ማንም አይቋጥርለትም። ወንበሩ ሲሄድ ሳይጠይቃት መቋጠር ጀመረች። እሱም ለምን ቋጠርሽልኝ አላላትም። እሷ ለምን ቋጠርኩልህ አላለችውም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው፣ አንድ ውሸት ለሁለት ተሸክመው ዓመታት ኖሩ። ከመሞቷ በፊት ስለዚህ ነገር አንድ ጊዜ ጠየቅኳት። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ራቁቱን ላቁመው?» አለችኝ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እንላለን። ሁላችንም እናውቃታለን። ስለ ሚስቱ ግን ተረቱ ምንም አይልም። ሲሾም እሷ ምን በላች? ሲሻር እሷን ምን ቆጫት? ማንም አይጠይቅም። ይህ ፊልም ይጠይቃል። ርዕሱ እንኳ ስለ ትልቁ ሰው አይደለም፤ ስለ ሚስቱ ነው።

እና ሞና ከአክስቴ የምትለየው እዚህ ላይ ነው። ሞና አምባሻውን አትቋጥርም። ደረሰችበት፣ አወቀች፣ ለማስመሰል እምቢ አለች። ፍታኝ አለች። ለሂሻም ይህ ሁለተኛ መባረር ነው፤ ይሄኛው ደግሞ የባሰ። መሥሪያ ቤቱ ሲያባርረው ቢያንስ አንዲት ሴት ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ነህ ትለው ነበር። አሁን እሷም ነቅታለች።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ የማትስማሙ ኋላ ትነግሩኛላችሁ። ህልም ቢሰበር ትዳር ላይፈርስ ይችላል። አብረው ተስፋ የቆረጡ ባልና ሚስት አብረው ሲያረጁ አይተናል፤ እንዲያውም ይዋደዳሉ። የሚያጠፋው አንዱ ነቅቶ ሌላው ተኝቶ ሲቀር ነው። የነቃው ቢያወራ የተኛው ይቆጣል። የነቃው ዝም ቢል ራሱ ይታመማል። አክስቴ ዝም ብላ ደም ግፊቷን ስታስታምም ኖረች። ሞና ተናገረች፣ የሆነውን አይታችኋል። ሁለቱም ዋጋ ከፍለዋል። እኔ አክስቴን እወዳታለሁ፤ ግን እውነቱን ካላችሁኝ ሞና ናት ትክክል።

መጨረሻውን በተመለከተ። ጎኔ የተቀመጠው ወንድሜ «አበዛው፣ ሽጉጥ ምን ያደርግ ነበር?» ብሎኛል። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። አባቷ ሊወስዳት ይመጣል፣ ሂሻም አባቷን ይገድላል፣ ከዚያ ራሱን። እሷ በሕይወት ትቀራለች። የግብፅ ሜሎድራማ ነው የምትሉ አላችሁ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አልኩ። ግን አስቡት። ይህ ሰው ነገር ሲጠፋው ምን ማድረግ ተማረ? ማነጋገር ተማረ? ይቅርታ መጠየቅ ተማረ? ያስተማሩት አንድ ነገር ነው፤ እምቢ ያለህን ዝም አሰኝ። መንግሥት ዕቃውን ሁሉ ሲረከበው ያንን ትምህርት አልተረከበውም። ስለዚህ ሽጉጡ ለእኔ ከሰማይ የወረደ አይደለም።

የማልወድለት ነገርም አለ። ሞና ብቻዋን ስትሆን ምን እንደምትመኝ የበለጠ ማየት እፈልግ ነበር። ከባሏና ከአባቷ መሀል ቆማ ነው የምናያት። ባል ሊያስቀራት፣ አባት ሊወስዳት። «እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ» የምትልበት በር ለምን አልኖረም? ፊልሙ አላሰበውም ወይስ ዘመኑ ነው በሩን የዘጋው? ይሄ ያናድደኛል፤ ባየሁት ቁጥር ያናድደኛል።

አንድ ጨምሬ ልቀመጥ። ካይሮ ስኖር የተከራየሁበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጡረታ የወጣ መኮንን ነበር። በረኛው ሲያየው ካለበት ብድግ ይላል፣ «ያ ባሻ!» ይላል፣ ሊፍቱን ይከፍትለታል። ሰውየው ሥልጣን ከለቀቀ ቆይቷል፤ አሁን የያዘው የቲማቲም ፌስታል ነው። አንድ ቀን በረኛውን፣ ሰውየው እኮ አሁን ምንም አይደለም፣ ለምን እንዲህ ትሆናለህ አልኩት። ሳቀብኝ። «እሱ ያውቃል? ሚስቱስ ታውቃለች? እኔ ልንገራቸው?» አለኝ። በረኛ ነው እንግዲህ ይህን የሚለኝ! ፊልሙን እንድፈልገው ያደረገኝ እሱ ነው። ቀጠል አድርጎ «የአሕመድ ዘኪን ፊልም አላየሽም?» አለኝ፤ ሙሉውን ታሪክ ሊፍት እየጠበቅን ተረከልኝ፤ መጨረሻውን ጭምር! (ሳቅ)

እሺ፣ ሰዓት የያዘችው ልጅ ዓይኗን አፍጥጣብኛለች። ከእናንተ መስማት የምፈልገው አንድ ጥያቄ አለ። የሞና አባት። ልጁን ሲድራት ያ ሰው ማን እንደሆነ አላወቀም ነበር? መሐንዲስ ነው፣ የተማረ ነው፣ ደህንነት ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ወይስ «ትልቅ ሰው» ልጁን ሲጠይቀው እሱም ደስ ብሎት ነበር? እዚህ የተቀመጣችሁ አባቶች፣ ከእናንተ ነው መስማት የምፈልገው። ማይኩን ከኋላ ጀምሩት፤ ባለፈው ወር የኋላዎቹ ሳይደርሳቸው ነው የተነሳነው። አመሰግናለሁ።